በስቱኮ የተደፈነው ክንፍ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቡራዩ ወጣሁ። በአንድ ማሠልጠኛ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። በርና ቁም ሣጥን ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን በገዛ እጄ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት አምሮኛል። የፈቃዱ ጣጣ ለብቻው ነው። መጀመሪያ የትኛውን ዓይነት እንደምሠራ መቁረጥ ነበረብኝ፤ የወጣሁትም ለዚሁ ነው።

ሰበታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

አየር ጤና ታክሲ ቀይሬ፣ ዓለም ገና ላይ ከጭነት መኪኖች ኋላ ግማሽ ሰዓት ተገትሬ ደረስኩ። አንድ ነጋዴ «ሞተር ብቻ የቀረው» ብሎ በቴሌግራም ያስተዋወቀውን አውሮፕላን ለማየት ነው የመጣሁት። ሰውየው በሩን ከፍቶ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ባለቤትሽ አልመጣም?»

«የምሠራው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ቀለሙን ትወጂዋለሽ።»

ደሜ ፈላ፤ ዋጥ አደረግሁት። አውሮፕላኑ ያምራል፣ አልዋሽም። ቀይ፣ ክንፉ አጭር፣ አፍንጫው ሹል። ፈጣን መሆኑን ሦስቴ ነገረኝ። በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያርፍ ስጠይቀው ግን «ለጀማሪ የሚሆን ነው፣ አታካብጂ» አለ። ንድፉን አምጣ ስለው፣ ያመጣው ግማሹ ገጽ የለም።

ከክንፉ ሥር ጎንበስ አልኩ። አንድ ቦታ ቀለሙ ወፍሯል። በጥፍሬ ስፍቀው ስቱኮ ረገፈ። ከስቱኮው ሥር ክንፉን የሚሸከመው ዋናው እንጨት ተሰንጥቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭረት ናት ባክሽ።»

«እንኳን ለክንፍ ለቁም ሣጥንም አላውለው!» ብዬ ጮህኩ። ፎቶ አነሳሁ። ስልኬን ሊቀማኝ እጁን ሲዘረጋ ጥዬው ወጣሁ።

በሩ ላይ ሽማግሌው ጥበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንኳን ተውሽው፣ ልጄ» አሉኝ። «የሠራው ሰው በመጀመሪያው ሙከራ ወድቆበት ይኸው በምርኩዝ ነው የሚሄደው።»

«ነጋዴው ያውቃል?»

«ከወደቀበት በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው እሱ አይደል!»

ሱሉልታ፣ ስምንት ሰዓት

እስከ ሱሉልታ ድረስ ለብቻዬ ስናደድ ነበር። ኦቦ ገመቹ የባልደረባዬ አጎት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ። ምክር ልጠይቃቸው ተቀጣጥረን ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቅሁ።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፤ ግቢ።»

እርጎ ቢያቀርቡልኝም ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መናደድሽ ልክ ነው» አሉ። «ግን አንቺም ቀይ ቀለም አይተሽ ነው የሄድሽው።»

እውነት ስለነበር አመመኝ።

ከቤታቸው ጀርባ ሜዳ ላይ አውጥተው ሩጪ አሉኝ። ጥቂት ሮጬ ትንፋሽ አጠረኝ።

«እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርም እንዳንቺ ያለከልካል። ክንፈ አጭሩ ለመነሳት ሜዳውን ይጨርሳል፤ ሲያርፍም ስህተት አይምርም። እጅሽ ምን ያውቃል?»

«እንጨት።»

«በቃ፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የሚሠራ፣ ክንፉ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚያርፍ ይሁን። ሌሎች ሠርተው ያበረሩት፣ ንድፉ አንድ ገጽ ያልጎደለ። መልኩ አያምርም፤ ሰው ይስቅብሽ ይሆናል፤ ይሳቅ።»

ቡራዩ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

ቤት እንደገባሁ የስንጥቁን ፎቶ አውሮፕላን መሥራት የሚመኙ ሰዎች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነጋዴው ደወለ።

«እንጀራዬን ዘጋሽው! ሰኞ የሚወስደው ሰው ነበረኝ፤ ፎቶሽን አይቶ ተወው። አስተማሪ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ ምን አድርጌሽ ነው?»

«የሁለት ልጆች አባት መሆኑን እያወቅህ?» አልኩት። ዘጋብኝ።

«ለጀማሪ የሚሆን» የሚለውን ቃል ከሻጭ አፍ መቀበል እንደማይገባ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው። ጀማሪ የሚያውቀው ትንሽ ስለሆነ፣ የሚያታልለው ሰው ኃጢአቱ እጥፍ ነው።

እራት ሳቀርብ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ቁጥሬን ከግሩፑ ያገኘው አስተማሪው ነበር። አመሰገነኝና፣ «እርስዎ ታዲያ የትኛውን ሊሠሩ ነው?» አለኝ።

«ክንፈ ሰፊውን፣ ቀርፋፋውን።»

«ያን አስቀያሚውን?»

«አዎ፣ አስቀያሚውን» አልኩት።