የቦሪዋ ልጅ ጎርፋ

የጢስ ሽታ ያለው እርጎ ዛሬም ያጥወለውለኛል። ትናንት አርብቶ አደሮቹ ማንያታ በሚሉት መንደራቸው ውስጥ አንዲት ሴት የጄሪካን ክዳን ስትከፍት አፍንጫዬን ይዤ ስሸሽ ባሌ ሳቀብኝ። ይሳቅ! እሱ ምን ያውቃል።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከከተማችን ወደ ናይሮቢ የሚወስደው አስፋልት ገና እየተሠራ ስለነበር አቧራው በመስኮት እየገባ ደብተራችንን ያለብሰዋል። የሳይንስ መምህራችን፣ ምዋሊሙ የምንለው፣ ምግብ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቆይ በቃል ማስተማር አይወድም። «ጃሪቡኒ! ሞክሩት፣ አሽትቱት፣ ቅመሱት!» ነበር ቋንቋው። አንድ ሰሞን የአንዲት ላም ወተት በሁለት ዕቃ ልናስቀምጥ ሆነ፤ ግማሹን በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ግማሹን አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ከመንደሯ ከቦሪ ባመጣችው ጎርፋ። ጎርፋ ከቃጫ ተጠልፎ የሚሠራ፣ በእንጨት ጢስ እየታጠነ ወተት የሚረጋበት የቦረናዎች ዕቃ ነው።

ምዋሊሙ ቃል ገባላት፤ የጎርፋው ወተት ደህና ከሆነ እናቷ መጥተው ክፍሉን ያስተምራሉ። ልጅቷ በደስታ ልትሞት! እናቷ «ትምህርት ለከብት አርቢ ልጅ ምን ይረባል» እያሉ በየተርሙ ከትምህርት ቤት ሊያስቀሯት የሚታገሉ ሴት ነበሩ። «ሂሪያ፣ ጓደኛዬ፣ እማዬ ሰሌዳው ፊት ቆማ ካስተማረች ከእንግዲህ አታስቀረኝም» ትለኝ ነበር።

ያረፈችበት የዘመዷ ቤት ልጆች እንዳይጫወቱበት ብላ ጎርፋውን ለአንድ ቀን አደራ ሰጠችኝ። እኔ የሆቴል ቤት ልጅ ነኝ፤ ዕቃችን በሙሉ ሲታጠብ ነው የሚውለው። ክዳኑን ብከፍት፣ ኤጭ! ውስጡ ጥቁር፣ ጥላሸት የተለቀለቀ፣ የከረመ ቅቤ የሚሸት። ሰው ከዚህ ይጠጣል? ዘገነነኝ። ጓሮ ወስጄ በፈላ ውሃና በዱቄት ሳሙና ፈተግኩት። ጥቁሩ ውሃ ሲወርድ ጽድቅ የሠራሁ መሰለኝ። ወተቱን ከመበላሸት የሚጠብቀው ያ ጥላሸት መሆኑን ማን ነግሮኝ!

በማግስቱ ምዋሊሙ ጎርፋውን ተቀብሎኝ ራሱ ወተት ሞላበትና ከደነው፤ በአምስተኛው ቀን ተከፈተ። የጠርሙሱ ከርፍቷል፤ እሱስ የሚጠበቅ ነው። የጎርፋው ግን፣ ወይ አምላኬ! አረንጓዴ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዝልግልግ ነገር፣ የሞተ አይጥና ሳሙና አንድ ላይ የሚሸት። ክፍሉ በሙሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ በሩ ተንጋጋ።

እሷ ብቻ ቀረች። በጎርፋዋ ተማምና በጣቷ ጠንቁላ ቀመሰች። ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በመስኮት ተፋችው። ከዚያ ጎርፋውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችና ዞር ብላ አየችኝ። ሳሙናውን አውቃዋለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አላት ምዋሊሙ።

«እናቴ በደንብ አላጠነችውም» አለች።

ምዋሊሙም የእናቷን መምጣት ነገር ዳግም አላነሳውም።

በሚቀጥለው ተርም አልመጣችም። እናቷ አስቀሯት አሉ። እኔ እንዳልዋረድ ብላ በክፍሉ ሁሉ ፊት የገዛ እናቷን አዋረደች፤ እኔ ደግሞ «ያጠብኩት እኔ ነኝ» ማለት አቅቶኝ!