የአባዬ ቀለበት በእማዬ ጥርስ ላይ

ልጅ ሆኜ፣ ወሎ ሰፈር ስንኖር፣ እናቴ ስትስቅ ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ምክንያቱን ሳያውቁ አብረዋት ይስቁ ነበር። አፏን በእጇ ሸፍና የምትስቅ ሴት አልነበረችም። የተቆላ ሽምብራ ስትቆረጥም ድምፁ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳሩ በሰልፍ፣ እሑዱ በቀበሌ ስብሰባ የሚያልቅበት። ቢሆንም እሷ ካለች ቤታችን ይሞቅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ግን ያ ሳቅ ጠፋ።

ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። የኋላ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሲያሰቃያት ከርሞ ሐኪም ቤት ሄደችና የብረት ሽፋን ተደረገላት። ያኔ የወርቅ ጥርስ የፈለገ ሰው ወርቁን ራሱ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ያልያዘ እንደ ማንኪያ የሚያብለጨልጭ ነጭ ብረት ይሠራለታል። እማዬ ከሐኪም ቤት እንደተመለሰች አፏን ከፍታ አሳየችን። «ከእንግዲህ አጥንትም እቆረጥማለሁ» ብላ ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ ድዷ ቀላ። ቀጥሎ ምላሷ ይለበልባት፣ የከንፈሯ ጥግ ይሰነጣጠቅ ጀመር። በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ ጠበል ተጠመቀች፤ ምንም ለውጥ የለም። በርበሬ ያለበት ወጥ እርም ሆነባትና አጥሚት ብቻ ትጠጣ ጀመር። ቀሚሷ ሰፋት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት ትታ እጇን ብቻ ታወጣ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በር ላይ ቆመው ለሌላ ሴት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ። «እህቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት። አፏ ላይ። ስሙን አልጠራውም።» እኔ ግን ስሙን አውቀው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰኞ ማክሰኞ ልንጫወት ጓደኞቼ ሲጠሩኝ አልወጣም አልኩ። እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ተከትዬ እገባለሁ፣ ስትተኛ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እሷም የምትፈራው ያንኑ እንደነበር ያወቅሁት ሐኪም ቤት አልሄድም ስትል ነው። «ሄጄ ምን ልሰማ?» አለች። አባቴ ዝምተኛ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አላትና ነጠላዋን አንስቶ ትከሻዋ ላይ አደረገላት።

ሦስታችንም በውይይት ታክሲ ሄድን፤ እኔን ከእናቴ የሚነጥለኝ ስላልነበረ ወሰዱኝ። ውይይት ላይ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው የሚቀመጠው፤ እማዬ መንገዱን ሁሉ በነጠላዋ አፏን እንደሸፈነች ነበር። የጥርስ ሐኪሟ ክፍል ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ሐኪሟ ከውጭ አገር ተምራ የመጣች ወጣት ነበረች፤ ቀድሞ ሽፋኑን የሠራላት ሌላ ሰው ነው። የእማዬን ድድ፣ ምላስና ጉንጭ በትንሿ መስተዋት ስታይ ቆየች። አባዬ ኮፍያውን ይጠመዝዛል። ከዚያ ሐኪሟ ድንገት የእማዬን ጆሮ ተመለከተች። ቀዳዳው ውስጥ ክር ብቻ ነበር።

«ጉትቻ ለምን አያደርጉም?»

«ኧረ ተዪኝ ልጄ» አለች እማዬ እየተኮላተፈች። «ከወርቅ በቀር ጆሮዬ አይቀበልም። የገበያውን ያደረግሁ ዕለት ያብጥና ውሃ ይቋጥራል።»

ሐኪሟ መስተዋቷን አስቀመጠች። «እንግዲያው ይኸው ነው ብዬ አስባለሁ። ኒኬል የሚባል ብረት አለ፤ ርካሽ ጉትቻ ውስጥ ይገባል፤ ይሄ ሽፋንም አብዛኛው እሱ ነው። ሰውነትዎ አይወደውም።»

«ነቀርሳ አይደለም?» አለ አባዬ። ቃሉን ጮክ ብሎ ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አይመስለኝም። ዛሬ ሽፋኑን እናወጣዋለን። ምክንያቱ እሱ ከሆነ በጥቂት ሳምንት ይድናሉ፤ ካልሆነ ሌላ ምርመራ እናደርጋለን።»

የምንጠብቅባቸው ቀናት ረጅም ነበሩ። በየጠዋቱ «እስቲ እማዬ፣ አሳዪኝ» እላለሁ፤ እሷም ወደ መስኮቱ ዞራ ትከፍትልኛለች። መጀመሪያ የከንፈሯ ስንጥቅ ገጠመ፣ ከዚያ የድዷ ቅላት እየደበዘዘ ሄደ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳትናገር እጇን ወደ ቀዩ ወጥ ሰደደች። አባዬና እኔ መጉረስ አቁመን አየናት። ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ዋጠች። «ምን ታፈጣላችሁ? ጨው አንሶታል» አለች። አባዬ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

ጥርሱ ግን ራቁቱን መቆየት የለበትም ስለተባለ ወርቅ አስፈለገ። አባዬ የጋብቻ ቀለበቱን በሳሙና አሙለጭልጮ ከጣቱ አወጣው።

«የቃል ኪዳን ቀለበት ይቀልጣል እንዴ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

«ጣቴ ላይ ሆኖ ምን ይሠራል? አንቺ ብዪበት።»

ሐኪሟ ቀለበቱን ተቀብላ ስታይ፣ እማዬ ንጹሕ ወርቅ ባለመሆኑ ተሳቀቀች። «እንዲያውም ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው» አለቻት ሐኪሟ። «ማኘኪያ ጥርስ ላይ ይጎብጣል። ብርና መዳብ ሲቀላቀልበት ነው የሚጠነክረው። ጥርስ ሠሪው አቅልጦ የጎደለውን ይጨምርበታል።» አዲሱ ጥርስ በገባ ሰሞን እማዬ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ስታሳይ፣ እትዬ በላይነሽ «እሰይ! እሰይ!» እያሉ አለቀሱ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ሰኞ ማክሰኞ ልሥል ወጣሁ።

አሁን ከአትላስ እስከ ሃያ ሁለት የጥርስ ክሊኒክ የሌለበት ሕንጻ ያለ አይመስልም። የወርቅ ጥርስ የሚያሠራ ወጣት የለም፤ ሁሉም እንደ ወተት የነጣ ነው የሚፈልገው። በቀደም ልጄን ጥርሷን ላሳክማት ወስጃት፣ ሐኪሙ ገና አፏን ሳያይ «የማይስማማት ብረት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ የየዕለት ጥያቄ ነው። እኔ ግን ማታ ለእማዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት።

«አስቀድሞ ጠየቀ?» አለች።

«አስቀድሞ።»

«ተመስገን» አለች እማዬ።