በእኔ ፋንታ የሰገደች

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባታችን እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ ይህቺን ብቻ እዘላታለሁ። ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ላሊበላ ውስጥ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ፈረንጅ እየመራሁ ስለ ሰው እምነት ሳወራ ምላሴ አይያዝም። ስለ ራሴ ሲሆን ግን ዲዳ ነኝ። እናንተ አታውቁኝም፤ ስለዚህ ከእናንተ ልጀምር።

ልጃችን ማህሌት የተወለደችው ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ቱሪስት ወደ ከተማችን መብዛት በጀመረበት ጊዜ ነው። ዓመት ሳይሞላት ባለቤቴ የሺ ልብስ ስትቀይርላት አንዱ እግሯ እንደ ሌላው አልከፈት አላት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ እነሱም ወደ ደሴ ላኩን። ሐኪሙ የጭኗ አጥንት ራስ ከዳሌዋ ጎድጓዳ ወጥቶ እንደተቀመጠ ነገረን። በማደንዘዣ አስተኝቶ ወደ ቦታው መለሰውና ሁለት እግሯን አራርቆ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ አሰራት። ለወራት እንዲህ እንድትቆይ ነው። የሰጠንም አደራ አንድ ነበር፤ ውሃ እንዳይነካው። ውሃ ከነካው ጀሶው ይላላል፤ ጀሶው ከላላ አጥንቱ ተመልሶ ይወጣል።

እውነቱን ልናገርና፣ እነዚያ ወራት ይናፍቁኛል። ሰው የልጁን የሕመም ዘመን ይናፍቃል ወይ? እኔ እናፍቃለሁ። ከደሴ ስንመለስ ማህሌት በጀሶዋ አውቶቡሱ ውስጥ የሁለት ሰው ቦታ ይዛ ነበር፤ አንዱ እግሯ የሺ ጭን ላይ፣ አንዱ እኔ ጭን ላይ። የሺ ሲደክማት ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ አንቀላፋች። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ገባ፤ ጋቢዬን ለሦስታችንም ደረብኩት። ቤት ከገባን በኋላ ማን ምን ይሥራ ብለን ተነጋግረን አናውቅም፤ ሥራው ግን ሁሌም ተሠርቶ ይገኝ ነበር። እሷ ሽንት እንዳይገባ ፌስታል እየቆረጠች በጀሶው ጠርዝ ዙሪያ ትሸጉጣለች፤ እኔ ጨርቅ አጥባለሁ። ጎረቤት በአጥር አይቶኝ ሲስቅ የሺ ከውስጥ ሆና፣ «የኔው ያጥባል! የእናንተው መብላት እንጂ ምን ያውቃል?» ትላለች። ልጅቱን ጀሶው ውስጥ ሲያሳክካት አፋችንን ጠርዙ ላይ ደቅነን በየተራ እፍ እንልላታለን። እሷ ትንከተከታለች፤ እኛም እሷን አይተን እንስቃለን። እንዲያ የሳቅሁበት ዘመን አላስታውስም።

በአንድ ነገር ብቻ ተጨቃጨቅን። ከከተማው ወጣ ብሎ ከገደል ሥር የሚወርድ ጸበል አለ፤ የየሺ ዘመዶች ሲታመሙ የሚጠመቁት እዚያ ነው። ልውሰዳት አለች። እኔ እምቢ አልኩ። የተማርኩት እኔ ነኛ! «ጀሶው ሲወልቅ ትወስጃታለሽ፤ እስከዚያ ውሃ የሚባል ነገር አይነካትም» ብዬ ተቆጣሁ። የሺ እሺ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታምንበትን ነገር ለእኔ ብላ አቆየችው።

ትንሽ ቆይቶ የአባቷ ተዝካር ደረሰና ወደ አባቷ አገር ወደ ኮን መሄድ ነበረባት። ማህሌትን በዚያ ጀሶ ያን ሁሉ መንገድ ማንገላታት አይሆንም፤ ለእኔ ትታልኝ ሄደች። በማግስቱ ልጅቱን ታቅፌ ወደ ጸበሉ ወረድኩ። እኔ። የከለከልኩት እኔ።

ለምን? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ፈርቼ ነበር፤ ሐኪሙ «እናያለን» ከማለት በቀር ቁርጡን አልነገረንም። ግን ፍርሃት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የሺ ስትመለስ «ይኸው ልጅሽ ዳነች፤ ያስጠመቅኋት እኔ ነኝ» ማለት አምሮኝ ነበር። እሷን የከለከልኩትን ራሴ አድርጌ ልመሰገንበት! ደግሞ በልቤ እንዲህ ተከራከርኩ፤ ሐኪሙ የከለከለው ተራውን ውሃ ነው፣ ይህ የተባረከ ነው፣ የተባረከ ነገር ጀሶ አያላላም። የጸበሉን ካህን ብጠይቃቸው በጠርሙስ ቀድተው «ቤት ወስደህ አጠጣት፣ ፊቷን ቀባት» ይሉኝ ነበር፤ ለስንት በሽተኛ እንዲያ ሲሉ ሰምቻለሁ። አልጠየቅኋቸውም። ተጠማቂው ሁሉ እስኪበተን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁና ልጄን እንዳለች ከሚወርደው ውሃ ሥር አስገባኋት። ጮኸች። ጀሶው ውሃውን ጠጣ።

ቤት ወስጄ ፀሐይ ላይ እንደ ብቅል አሰጣኋት። ላዩ ደረቀ። ዳሌዋ አካባቢ በአውራ ጣቴ ስጫነው ግን ስርጉድ ይላል። ያኔ እንኳ አቅፌያት ወደ ደሴ መሳፈር እችል ነበር። አልተሳፈርኩም፤ የሺን ምን ብዬ? የሺ መጣች። ልጇን ስማ አልጠግብ አለች፤ አቧራ ነክቶታል ብላ ፀጉሯን አጠበችላት። ጥቂት ቀን ቆይታ ጨርቅ ስትቀይር እጇ የላላውን ቦታ አገኘው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ «ወይኔ! ፀጉሯን ሳጥባት ነው! ወርዶ ገብቶባት ነው!» አለች። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ደሴ ስንደርስ አጥንቱ ከቦታው ወጥቷል። ሐኪሙ ውሃ ነክቶት እንደሆነ ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አለች የሺ ቀድማኝ። እኔ የጫማዬን ክር አየሁ። በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ እንደገና ጀሶ፣ እንደገና ወራት። እግዚአብሔር ይመስገን ማህሌት ቆማ ሄደች፤ ሲደክማት ግን እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የሺ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ያዘች። «ይቅር በለኝ፤ ልጅህን ያጎደልኩ እኔ ነኝ» አለችኝ። እኔም ይቅር አልኳት። ልብ በሉልኝ፤ በእኔ ጥፋት እሷን ይቅር አልኳት። «ይቅር ለእግዜር» አልኩ፣ ያውም ለስለስ ባለ ድምፅ።

በዚህ ባበቃ! ሄዳ ለነፍስ አባታችን ተናዘዘች። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ሳታውቂ የሆነ ነው» ብለዋት ነበር። እሷ ግን «አባ፣ ቀኖና ካልሰጡኝ አይቀለኝም» ብላ አስጨነቀቻቸው። ስግደት ሰጧት። በዐቢይ ጾም ማለዳ ማለዳ ከዓለት በተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስትሰግድ እኔ ማህሌትን ታቅፌ ጥግ ላይ እቆም ነበር። ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ግንባሯ ተላጠ። ስትጨርስ ጉልበቷን ይዛ ወደ እኔ ታይና ፈገግ ትላለች፤ አይዞህ ማለቷ ነው። እኔን ነበር የምታጽናናው! «ተይ፣ ይህ የእኔ ነው» ማለት እንዴት ሰውን ያቅተዋል? አቃተኝ። ረፋዱ ላይ በዚያው ግቢ እንግዶቼን ይዤ ገብቼ ስለ ንስሐ ሥርዓት አስረዳኋቸው፤ ማስታወሻ ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ወደ ሩቅ ገዳም የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ሆንኩ። ቤት ስውልም ሰበብ አላጣም፤ ስንተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። እሷ ምን መሰላት? ከልቤ ይቅር ያላልኳት መሰላት። አንድ ቀን ብቻ፣ «አሁንም ቂም አለብህ ኸእኔ ጋራ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ ምን ቂም አመጣሽ» ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁና ወጣሁ። አብራኝ የምትኖረው ሚስቴ ትናፍቀኛለች። ያ ትከሻዬ ላይ የተጣለ ራሷ፣ ክብደቱ ሳይቀር ይናፍቀኛል። ክንድ በማትሞላ ርቀት የተቀመጠ ሰው እንዴት እንዲህ ይናፈቃል?

ዘንድሮ ማህሌት ወለደች፤ ሴት ልጅ። የሺ ሕፃኗን ተቀብላ ሳትስማት በፊት እግሮቿን ከፈት ከፈት እያደረገች አየች። ደህና ናቸው። ከዚያ ለማህሌት፣ «ዓይንሽን እንዳትነቅይባት። እንደኔ እንዳትዘናጊ፤ በእኔ መዘናጋት ነው አንቺ እንዲህ የቀረሽ» አለቻት። ማህሌት «እማዬ፣ ተይ እንጂ» ብላ እጇን ሳመች። እኔ እዚያው ነበርኩ። ፀጉሬ ሸብቷል፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ አሁንም ዝም አልኩ።

ለእናንተ ብናገር ምን ይፈይዳል? እናንተ አልሰገዳችሁልኝም። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ብትሰጡኝም አልወስደውም። ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። በእምነቴ ነው ደግሞ ከቶ አልልም፤ በእምነቱ ያደረገ ሰው አይደብቅም።

የሺ አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው። ሄጄ ፊት ለፊቷ እቀመጥና፣ ልጃችንን ውሃ ውስጥ ያስገባሁ እኔ ነኝ እላታለሁ። ምናልባት ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ዘመዶቿ ትሄድ ይሆናል። ትሂድ። ናፍቆቴ አብሮኝ ይቀመጥ፤ ለምጄዋለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠላችው ራሷን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ትጥላ።