የአምስተኛው ጫፍ አርባ እርምጃ

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ «አቶ ማኅተም» ይባላል። በአንድ ፊርማ ጉድለት ባለጉዳይን ከአራተኛ ፎቅ የሚመልስ ሰው ስለሆነ ቅጽል ስሙ አልበዛበትም። ይህን ጠባዩን ደግሞ ከሥራ ሲወጣ ቢሮ ቆልፎበት አይሄድም፤ በዕረፍት ቀኑ ይዞት ተራራ ይወጣል።

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ማስረዳቱም ደስ ይላል። ከከተማው ጀርባ እንደ መጋዝ ጥርስ ዘጠኝ ጫፍ ያለው ረጅም ሸንተረር አለ። የተራራ ተጓዦች ማኅበር ያወጣው ፈተና ዘጠኙንም በተርታ፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ወጥቶ በየጫፉ ያለውን የድንጋይ ክምር በእጅ መንካት ነው። ርቀቱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበት ግን የሚቆጥረው ርቀቱን ሳይሆን ዳገትና ቁልቁለቱን ነው። ለጀማሪ አይፈቀድም። ካርታ ማንበብ፣ በጭጋግ ውስጥ አቅጣጫ መያዝ፣ ሲያቅት «በቃኝ» ማለት መቻል ያስፈልጋል፤ ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ሽልማቱስ? በማኅበሩ ክፍል በተሰቀለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስም መጻፍ፤ ሌላ የለም። ሰው ለዚህ የእግሩን ጥፍር ይገብራል።

በሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት ስም አለ። ከነዚህ አንዱ የአቶ ማኅተም ነው፤ ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ የመዝገቡ ኃላፊም፣ የደንቡ ጸሐፊም እሱው ነው። ክምሩን በምርኩዝ የነካውን አናጢ «ምርኩዝ እጅ አይደለም» ብሎ ሰርዞታል። ፀጉር አስተካካዩን ደግሞ የሰረዘው በገዛ አፉ አስይዞ ነው። ሰውየው አምስተኛው ጫፍ ላይ ካልሲ ሊቀይር ከክምሩ አርባ እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሲነሣ ክምሩን ረስቶ መንገዱን ቀጠለ። ይህንኑ እየሳቀ አወራ። አቶ ማኅተም አልሳቀም። «ስምንት ጫፍ ነው የወጣኸው» አለው።

ይህ በሆነ በስምንተኛው ዓመት አንዲት ቀያሽ ለአዲስ ካርታ ሸንተረሩን ለካች። በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣

«አምስተኛው ጫፍ ክምሩ ያለበት ቦታ አይደለም። በስተ ምሥራቅ አርባ እርምጃ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ በአንድ ሜትር ይበልጣል» አለች።

«አንድ ሜትር!» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ የእሱም ስም ሰሌዳው ላይ አለ። «የኔ ሆድ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ማታ ሄደን ክምሩን እናዛውረውና ይለቅ!»

ሁሉም ወደ አቶ ማኅተም ዞሩ። እሱ ግን የደንቡን አንቀጽ ሁለት እያሰበ ነበር፤ «ጫፍ ማለት ከፍተኛው ነጥብ ነው» ይላል። የጻፈው ራሱ ነው።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ዘጠኙ ጫፍ ስሰማ ኖርኩ። አሁን ስምንት ተኩል ልትለኝ ነው?»

«ተኩል የለም። ስምንት ነው።»

«ዝም ብትልስ? ማን ይጠይቅሃል?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የሚጠይቀው እኔ ነኝ። ሥራዬ እሱ አይደል?»

«አይ አንተ ሰው! ራስህንም ነገ ተመለስ ልትለው ነው። ስማችሁ ሁሉ ከተፋቀ ሰሌዳው ላይ ማን ሊቀር ነው?»

አንድ ሰው ትዝ አለው።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ገባ። ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቶ ግማሹ በአረፋ እንደተሸፈነ ነበር።

«ጋሼ ማኅተም! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ለጥያቄ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ካልሲ ስትቀይር ድንጋዩን በእጅህ ነክተሃል?»

«የትኛውን ድንጋይ?»

«የተቀመጥክበትን።»

«በአምስተኛው ጫፍ ላይ በእጁ ሳይደገፍ የሚነሣ ጉልበት ያለው ሰው ታውቃለህ?»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኝ።»

«ምስክር አለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ልትሰጠኝ ነው ወይስ ልትነሣኝ የመጣኸው?»

አቶ ማኅተም አሰበበት። «ልሰጥህ» አለ ቀስ ብሎ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው።» የቀያሿንም ነገር አንድ ባንድ ነገረው።

«እናንተ አሥራ ሁለታችሁ ስትለፉ፣ እኔ በመቀመጫዬ አሸነፍኩ በለኛ!» ብሎ ሳቀ፤ ደንበኛውም ከነአረፋው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ተወው ባክህ፣ የናንተም ይቆይ። አንድ ሜትር ምን አላት?»

«አይቻልም።»

በዚያው ቀን ሰሌዳውን አውርዶ በስለት ይፍቅ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ቆሞ «ወዳጅ መስለኸኝ!» ብሎት ሄደ። አሥራ አንዱ ስም ቶሎ ለቀቀ። የራሱ ግን እንቢ አለ፤ በየዓመቱ ቀለሙን ሲያድስ ደርቦ ደራርቦ አወፍሮታል። እንጨቱ ድረስ ፋቀው።

ቀጥሎ የፀጉር አስተካካዩን ስም ጻፈ፤ ሰዓቱን ሊጽፍ ሰውየው ያኔ የሞላውን ቅጽ ገለጠ። ሃያ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይላል። ከራሱ ከአቶ ማኅተም ሰዓት በአሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጥናል፤ ያውም ካልሲ ቀይሮ።

ብሩሹን አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ደመረው። ስሕተት የለበትም። ጻፈው።