እህቴ ወደ ቢታ ገነት የሄደችበት ዓመት

ባለፈው ሳምንት ከቢታ ገነት ተመለስኩ። የታላቅ እህቴን የሩቂያን ለቅሶ ደርሼ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለ እሷ ሲናገሩ፣ «ነገር የማታውቅ፣ ድምፅዋ ከጎረቤት የማይሰማ ሴት ነበረች» አሉ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙገሳ ነው። እኔ ግን ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ያ ድምፅ ቦንጋ ውስጥ አንድ ሱቅ ሙሉ ወንድ ዝም ያሰኘበት ቀን ትዝ አለኝ።

አባታችን ከወሎ መጥቶ ቦንጋ ላይ ጨርቅና ጨው የሚነግድ ሰው ነበር። ሐጂ ይሉታል። ክፉ አልነበረም። «በሰው አገር ያለን ሀብት ስማችን ነው» ይል ነበር፤ ያንን ስም የመጠበቁ ሸክም ግን የወደቀው በእኛ በሴቶች ልጆቹ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጓዳ። ጓዳውን ከሱቁ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነበር። ከወዲያ ወንዶቹ አመሻሹ ላይ ከአሱር ሶላት በኋላ ተሰብስበው ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ፤ ከወዲህ እኔና ሩቂያ ኮረሪማ እየፈለፈልን ጨዋታቸውን እንሰማለን። እስከ ዛሬ የኮረሪማ ሽታ ሲመጣብኝ የወንዶች ሳቅ አብሮ ይመጣል።

በዚያ ክረምት ግቢያችን ውስጥ አንድ ሻምበል ክፍል ተከራየ። እግሩ ቆስሎ ከጦር ሜዳ የወጣ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ተመድቦ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል ጦሩ ኮረብታ ላይ ተከቦ እንዴት እንዳለቀ ለእነ አባባ አወራቸው። ከፍታውን ቀድመው ያዙ፤ መትረየሱን ጠመዱ፤ ጠላትን ቁልቁል ያዩት ነበር። ግን ተሸነፉ። ሰዎቹ መከራከር ጀመሩ። አንዱ ሌሊቱን ሰብሮ መውጣት ነበረባችሁ አለ፤ ሌላው የአላህ ውሳኔ ነው አለ።

«ውኃው የት ነበር?» አለች ሩቂያ ከመጋረጃው ኋላ።

ሱቁ ጸጥ አለ። ሻምበል ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ «ከኮረብታው ሥር» አለ።

«እንግዲያው ውኃውን እንጂ ኮረብታውን መያዝ አልነበረባችሁም።»

ሻምበል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኛም ያወቅነው ልጆቹ ካለቁ በኋላ ነው» አለ።

 ከዚያ ቀን ወዲህ ሻምበል ሩቂያን ሊረሳት አልቻለም። ወሬ ሲያወራ ድምፁን ወደ እኛ በኩል ከፍ ያደርግ ጀመር፤ እሷም መፈልፈሏን አቁማ ታዳምጣለች። በመጨረሻ አባባን፣ «ሐጂ፣ ይህች ልጅ ትልቅ ጭንቅላት አላት። ጅማ እህቴ አለች፤ እሷ ዘንድ ሆና ትማር» አለው።

«ሻምበል፣ ቤቴ ያሉ እንግዳ ነዎት፤ ስለዚህ መልስ አልሰጥዎትም» አለ አባባ።

መልሱን የሰጠው ለእኛ ነው። ሩቂያን ከስምንተኛ ክፍል አስወጣት። ብዙም ሳይቆይ ቢታ ገነት ላለ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ነጋዴ ታጨች። ሻምበል ቧንቧው ጋ አግኝቶኝ፣ «ለእህትሽ ንገሪያት፤ ጅማ የሚሄደው የጭነት መኪና ሾፌር ዘመዴ ነው። ከፈለገች መንገድ አለ» አለኝ።

ነገርኳት። ኮረሪማውን መፈልፈል ቀጠለች።

«አሚና፣ እኔ ከጠፋሁ አንቺን በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ያስወጡሻል» አለችኝ።

«አብረን እንሂዳ።»

«እማስ? ማን ላይ ይወጣል ንዴቱ?»

ከዚያ ተነሥታ እጇን በነጠላዋ ጠረገች። ሱቁ ውስጥ ከአባባ በቀር ሰው አልነበረም። መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አባባ፣ የመረጡልኝን አገባለሁ። አላለቅስም፣ አላሳፍርዎትም» ስትል ሰማኋት። «አሚናን ግን አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ አይዳሯት። በአላህ ይማሉልኝ።»

«ባልምልስ?»

«ኒካሑ ሲታሰር ፈቃዴን ሲጠይቁኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት እምቢ እላለሁ።»

አባባ ከሁሉ በላይ የሚፈራውን ታውቅ ነበር።  እሱም ማለ፤ ድምፁ የራሱ አይመስልም ነበር።

የሆነውን ለሻምበል በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ነገርኩት። «ሁለታችሁም አብራችሁ እንደማትወጡ አይታ አንቺን አወጣች» አለኝ። «እኔ ያኔ ኮረብታው ላይ ከወታደር ልጆቹ መካከል ማን እንደሚቀር መምረጥ አቅቶኝ ነው ሁሉንም ያጣኋቸው።» ከዚያ ወዲያ ሱቁ ውስጥ አልተቀመጠም። በኋላም ወደ ሌላ አገር ተዛወረ።

ሩቂያ ዝናቡ ሲያባራ ተሞሸረች። እማ ማርና ድፎ ዳቦ ቋጠረችላት። የቢታ መንገድ ገና አልደረቀም ነበር፤ መኪናው ጫካው አፍ ላይ ጎማው ሰጥሞ ሲንገታገት ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ገፉት። ሩቂያ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እማም ጓዳ ገብታ።

አባባ መሐላውን ጠበቀ። ተማርኩ፤ መምህርት ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ቦንጋ አስተማርኩ። ሩቂያ ልጆች ወለደች፤ ቤቷን አቆመች፤ በየዓመቱ ልጠይቃት ስሄድ ከድሮዋ ይልቅ ዝም እያለች መጣች። ባሏ ክፉ አልነበረም። ሐሳቧን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም፤ ያልተጠየቀ ሐሳብ ደግሞ እንደማይቀዳ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ቀስ በቀስ ይደፈናል። ይህንን በየዓመቱ በዓይኔ አየሁት።

ሰዎች፣ «በዚያ ዘመን ሴት ሆነሽ የተማርሽው ጎበዝ ስለነበርሽ ነው» ይሉኛል። ድሮ አመስግኜ አልፍ ነበር። ከለቅሶው ከተመለስኩ ወዲህ ግን፣ «ጎበዟ ሌላ ነበረች» እላቸዋለሁ። ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ ስሟን እነግራቸዋለሁ፦ ሩቂያ።