የማርግሬት ኮርቻ

እትዬ ጣይባ ሲቀልዱ ፊታቸው አይስቅም ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው አጠገባቸው ብዙ ይቸገራል።

በ1977 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ዳር በተከፈተው የሕፃናት መጠለያ ውስጥ ወጥ ቤቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። የገራዶ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ አጭር ናቸው፤ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ይታጠቃሉ። የመጠለያው ካድሬ ጓድ እንየው የሦስቱን ባለ ጢም ሰዎች ሥዕል አዳራሹ ውስጥ ያሰቀለ ዕለት፣ ቀረብ ብለው አንድ በአንድ አዩና የፈረንጇ የማርግሬት አጎቶች እንደሆኑ ጠየቁት። ጓድ እንየው ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ አስረዳቸው። በትሕትና አዳመጡ። ሲጨርስ ግን፣ «ታዲያ ዘመድ ከሌላቸው ይህን ያህል አገር አቋርጠው ምን ሊሠሩ መጡ?» አሉት።

ማርግሬት ከአየርላንድ የመጣች ወጣት ነርስ ናት። እኔ አስተርጓሚዋ ነበርኩ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በተረፈች እንግሊዝኛ። ደመወዝ ሳይከፈላት፣ በፈቃዷ ልጆች ልትረዳ እንደመጣች ለእትዬ ጣይባ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ አገሯ ምን አጥፍታ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቁኝ። ማርግሬት ምን እንዳሉ ልታውቅ ፈለገች። እንኳን ደህና መጣሽ እያሉ ነው አልኳት።

ሁለቱን ያቀራረበቻቸው አትጠገብ ናት። አትጠገብ አራት ዓመት የማይሞላት ልጅ ነበረች። ያመጣት ሰው መንገድ ዳር አገኘኋት ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ስሟን የነገረችን ራሷ ናት። የሕፃናት ምግቡን ፋፋ አገንፍቶ ማንም ቢያቀርብላት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ማርግሬት በማንኪያ ስትሰጣት ግን ትበላለች። ለምን እንደሆነ ያወቀ የለም። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ፤ ልጅቷም ጉንጭ አወጣች።

ከዚያ የማርግሬት ጊዜ አለቀ፤ ወደ አገሯ መመለሷ ተነገረ።

ሐኪሙ ነገሩን ቀለል አድርጎ ነበር ያየው፤ ልጅ ሲርበው ይበላል አለ። እትዬ ጣይባ አልተስማሙም። «ርቧት እያለ ፊቷን ስታዞር አይቻለሁ» አሉኝ። በዚያ መጠለያ አልበላም ያለ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ከእሳቸው ይበልጥ ያየ አልነበረም። ቀልድ ጣል ሳያደርጉበት ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ ያሰቡት ማታለል ነበር። ዕቃ ልንጭን ደሴ በወጣን ቀን ሾፌራችንን በሺርን ፒያሳ ላይ አስቁመው፣ እንደ ማርግሬት ሳሙና የሚሸት ሳሙና ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እያነሡ ሲያሸቱ ዋሉ። አንዱ ባለሱቅ ሰለቸውና ሊገዙ ነው ወይስ ሊያሸቱ የመጡት ሲላቸው፣ ሽታውን ሰጥተኸኝ ሳሙናውን ብታስቀረው ደስ ይለኛል አሉት። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መኪናዋ ሙሉ ሳሙና ሳሙና ትሸት ነበር።

በማግሥቱ በዚያው ሳሙና ታጥበው፣ የማርግሬትን ባርኔጣ ደፍተው፣ ነጭ ሽርጧን አገልድመው አትጠገብ አጠገብ ተቀመጡ። «ኦኬ፣ ቬሪ ኦኬ» እያሉ ማንኪያውን አቀረቡላት። ልጅቷ ከባርኔጣው እስከ እግራቸው አየቻቸው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኛ በሳቅ ወደቅን፤ እሳቸው ባርኔጣውን አወለቁና ወጥ ቤት ገቡ።

የሽኝቱ ቀን ደረሰ። ልጆቹ ዘመሩ፤ ጓድ እንየው ስለ ዓለም ወዛደሮች ወንድማማችነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ የማርግሬት ሻንጣ መኪናው ላይ ተጫነ። በሺር ኪሱን ዳበሰ። ሌላኛውን ኪሱን ዳበሰ። ቁልፉ የለም።

ፍለጋ ተጀመረ። ከሁላችን ይበልጥ የለፉት እትዬ ጣይባ ናቸው። የመኪናዋን ምንጣፍ ገለበጡ፤ የበሺርን ኮት አውልቀው አራገፉ፤ አንድ ቀን መኪናዋን ራሷን ደጋን ላይ ረስተህ በእግርህ ትመጣለህ ብለው ወቀሱት። በሺር የደጋን ልጅ ነው።

ፍለጋው ሲረዝም ጓድ እንየው ኮስተር አለና ይህ አሻጥር ነው አለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ከካድሬ አፍ ሲወጣ ሰው በቆመበት ይደርቅ ነበር። በሺር ዐመድ መሰለ። ካድሬው አሰለፈንና እያንዳንዳችን በአብዮቱ ስም እንድንምል አዘዘ። ማልን። እትዬ ጣይባ ተራቸው ሲደርስ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው በአብዮቱ ማሉ፤ ሳይጠየቁም ቀበሌውንና የሴቶች ማኅበሩን ጨመሩበት።

በሺር ጎናቸው ቆሞ ነበር። አየት አደረጋቸውና፣

«እትዬ ጣይባ፣ እስቲ ወላሂ ይበሉ» አለ።

እጃቸውን አወረዱ።

«ይበሉና ልገላገል።»

«ወላሂ የሚባለው ለቁልፍ ነው እንዴ? ለትልቅ ነገር ነው እንጂ።»

«ለኔ ትልቅ ነው። ሊያስሩኝ ነው።»

እትዬ ጣይባ ሰማዩን አዩ። ጓድ እንየውን አዩ። ከዚያ ከመቀነታቸው ጫፍ ላይ አንዲት ቋጠሮ መፍታት ጀመሩ። ቁልፉ ወጣ።

በሺር ሊቀበል እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን ወደ ካድሬው ዞረው፣ «ጓድ እንየው፣ አንተም የገጠር ልጅ ነህ። እናትህ የእንግዳ ኮርቻ ደብቀው አያውቁም?» አሉት።

በገራዶ በኩል የተወደደ እንግዳ እሄዳለሁ ባለበት ቀን አይሄድም። የቤቱ እመቤት የበቅሎውን ኮርቻ ትደብቅበታለች። እንግዳውም ምንም እንዳልገባው ሆኖ ይፈልጋል፣ ይቆጣል፣ መጨረሻ ላይ እያጉረመረመ ያድራል። ኮርቻው ካልተደበቀበት ነው የሚቀየመው። እትዬ ጣይባ ባለፈው ሰሞን በሺርን የዚህች መኪና ኮርቻዋ የቱ ነው ብለው ጠይቀውት ኖሯል፤ እሱም እየሳቀ ቁልፉን አሳይቷቸዋል።

ጓድ እንየው ጫማውን አየ። የሆነ ኮርቻ ትዝ ያለው ይመስለኛል። «እስከ ነገ ጠዋት ብቻ» አለና ፊቱን ሳያሳየን ሄደ።

ለማርግሬት ሁሉንም ተረጎምኩላት። አሰበችና ታዲያ እንደ እንግዳው መቆጣት ነበረብኛ አለች። እትዬ ጣይባ ግን ለቀልዱ አልቆሙም፤ «ንገራት። የፈለግኩት እሷን ማስቀረት አይደለም፤ ይህችን አንድ ቀን ነው» አሉኝ። ያሰቡትንም ነገሩን።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጣይባ አትጠገብ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ እንደ እሷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማርግሬት ፋፋውን በማንኪያ አቀረበችላቸው። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ብታባብላቸው ጭራሽ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። አትጠገብ መጥታ ቆመች። እንዲህ ያለ ጥፋት በሌላ ሰው ላይ አይታ አታውቅም። ማርግሬት ማንኪያውን ለልጅቷ አቀበለቻት።

«ብይ» አለች አትጠገብ።

«እንቢ።»

«ብይ እንጂ።»

«አንቺ ሳትቀምሽው? ደግሞ ጨው የለው ይሆናል።»

ልጅቷ በንዴት ቀመሰችና አሳየቻቸው። እትዬ ጣይባ ከሻሻቸው ሥር ወጡ፤ አንድ ማንኪያ ጎረሱ፤ ፊታቸውን እሬት እንደቀመሰ ሰው አኮማተሩ። ከዚያ ማንኪያውን ከእጇ ወሰዱ፣ ሞሉት፣ ዘረጉላት። ተራዬ ነው አሉ።

አትጠገብ ማንኪያውን አየች። የያዘውን እጅ አየች። የማርግሬት እጅ አልነበረም፤ ያንን በደንብ አውቃለች።

አፏን ከፈተች።

ማርግሬት ተነሥታ ወደ ወጥ ቤቱ ጓሮ ሄደች፤ እኔም አልተከተልኳት። አንዱ ሲጎርስ ሌላው እያጎረሰ፣ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ለእራትም እንዲሁ ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት በሺር ሞተሩን አስነሣ። ማርግሬት ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስባት ታይቷት እንቅልፍ አጥታ እንዳደረች ነግራኛለች። አትጠገብ ግን በአንድ እጇ የእትዬ ጣይባን አገጭ ጨብጣ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛ ሥራ ላይ ነበረች። ማርግሬት ጎንበስ ስትል ልጅቷ ዞር ሳትል ጉንጯን ሰጠቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማርግሬት ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም።

እትዬ ጣይባ ሲያሰናዱት የከረሙት ረጅም ምርቃት ነበራቸው።

«አላህ በሰላም...» ሲሉ ማንኪያው ገባ። ዋጡ። «በሰላም ያግባሽ፣ የወለደችሽ...» ሌላ ማንኪያ።

ማርግሬት በመስኮቱ ብቅ ብላ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ገና አልጨረሱም አልኳት። መኪናዋ እየሄደች ነበር፤ የሰማችኝ አይመስለኝም።

አቧራው ሲረጋ እትዬ ጣይባ እንደምንም ዋጡና ወደኔ ዞሩ።

«ይህን ነገር እስከ መቼ ነው የምበላው?» አሉኝ።

ልጅቷ ማንኪያውን ሞልታ እየጠበቀቻቸው ነበር። ፊታቸውን አኮማተሩና አፋቸውን ከፈቱ።