የልጆቹ ፎልደር

ጠዋት የሆስፒታሉ ፕሮግራመር ወደ ሥራዋ ስትገባ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ እንቅልፍ የጣላቸው አዛውንት አየች። የጽዳት ሠራተኛዋ ጫማቸውን፣ መነጽራቸውንና ከዘራቸውን ከየወደቁበት ለቅማ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አኖረችላቸው።

«ሲነቁ እንዳይደናበሩ ብዬ ነው» አለች፣ መታየቷ አሳፍሯት።

ፕሮግራመሯ ፈገግ ብላ አለፈች። ሁሉን በየዓይነቱ ስለምትለይ ባልደረቦቿ «መሳቢያ» ይሏታል። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም ስትረከበው፣ እንደ ተዘበራረቀ ጓዳ አንድ ረጅም ፋይል ውስጥ ታጭቆ ነበር። እሷ በየዓይነቱ ለየችው፤ ስሌት ሁሉ በአንድ ፋይል፣ የስክሪን ገጽ ሁሉ በሌላ። እጅሽ ይባረክ ተባለች።

ገና ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። የሕፃናት ክፍል ሲስተር ነበረች።

«አንቺ መሳቢያ፣ ልጆቹን ባንድ ሌሊት ጎረምሳ አደረግሻቸው እንዴ? ለጨቅላዋ የአዋቂ መጠን ያሳየኛል!»

«ሰጠሻት?»

«መርፌው እጄ ላይ ነው። ዓይኔ ባይይዘው ኖሮ…»

ትናንት የአዋቂዎቹን ስሌት አርማ ነበር፤ ለካ የልጆቹም ስሌት የሚሠራው በዚያው የኮድ መስመር ኖሯል። ፕሮግራሙን አስቆመች። ሲስተሮቹ በእጅ ማስላት ጀመሩ፤ ታማሚው ብዙ፣ ሰው ጥቂት፣ አንዲት ዜሮ ብትሳት የነፍስ ነገር።

«አምላኬ፣ አደራህን» አለች ፕሮግራመሯ።

መስመሩን ወደ ነበረበት መመለስ ጀመረች፤ ተወችው። ነገ ሌላ ሰው ቢነካው ያው ነው። የአዛውንቱ ዕቃ ትዝ አላት። ጫማ ከጫማ፣ መነጽር ከመነጽር ጋር አልነበረም የተቀመጠው፤ የአንድ ሰው ዕቃ ባንድ ቦታ እንጂ። «የልጆች መጠን» የሚል ፎልደር ከፈተች፤ የልጆቹን ስሌት፣ ገጻቸውንና ስሌቱን የሚፈትሸውን ኮድ አንድ ላይ አስገባች። የአዋቂዎቹን ለብቻ አደረገች።

ሲስተር በእጅ ያሰላችውን ይዛ አጠገቧ ቆመች። የመጀመሪያው ገጠመ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሲስተር ወረቀቷን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምነው?»

«ቆይ…» ደግማ አሰላች። «እኔው ነኝ የሳትኩት። ያንቺው ልክ ነው። ተመስገን!»

ከሰዓት በኋላ የጨቅላዪቱ አያት፣ ማለትም ይህን የሚጽፈው ሰው፣ ሊያመሰግናት ገባ። ከስክሪኑ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ጋሼ፣ ኮድ ያውቃሉ?»

«ኧረ በየት በኩል፣ ልጄ!»

«እንግዲያው ላስቸግርዎት» ብላ ወንበር ሳበችለት። «እነዚህን የፎልደር ስሞች ያንብቡልኝ። የልጅ ልጅዎን መጠን ማረም ቢኖርብዎት የቱን ይከፍታሉ? በጣትዎ ያሳዩኝ። ካመነቱ ስሙን እቀይረዋለሁ።»